አንድ ዓመት፣ ብዙ ስም፦ የዘመን ቁጥሮች ለምን አይገጥሙም?

ጥያቄ፦ «ስልኬ ላይ የቀን መቁጠሪያውን ዓይነት ስቀያይር ያችው ቀን አንዴ 2016፣ አንዴ 2024፣ አንዴ 1445፣ አንዴ 5784፣ አንዴ 2567 ትለኛለች። የጃፓኑ ጭራሽ 6 ይላል። ሁሉም የሚቆጥሩት ያችኑ ፀሐይ ከሆነ ትክክለኛው የቱ ነው? እኛስ እውነት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተናል? ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጫ ዘዴስ አለው?»

መልስ፦

ከሁሉ በፊት፣ ወደ ኋላ የቀረ የለም። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለን እንየው።

የዓመት ቁጥር ዓመቱ ላይ ተጽፎ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ርቀት ነው። አንድ ቦታ ላይ ችካል ይተከላል፣ ከችካሉ ተነሥቶ እዚህ ድረስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ይቆጠራል። ችካሉን ሌላ ቦታ የተከለ ሰው ሌላ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ አንድ የዓመት ቁጥር ሲያጋጥምዎ አራት ነገር ይጠይቁ። ችካሉ የት ነው? እርምጃው ስንት ቀን ነው? ዓመቱ የሚለወጠው በየትኛው ቀን ነው? የመጀመሪያው እርምጃ ገና ሲነሣ «አንድ» ይባላል ወይስ እስኪሞላ ይጠበቃል? ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። ስሕተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስተኛው ነው። እኔ ራሴ የሰነድ ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጥቅል ሙሉ የጥር ወር ደብዳቤዎችን ሰባት እየደመርኩ ወደ ፈረንጅ ቁጥር ለውጬ፣ ሁሉንም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ጥያቸው አውቃለሁ።

ለማሳያ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ቀን እንውሰድ፤ ሰው ጨረቃ ላይ ያረፈባትን። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1969 ናት። በኢትዮጵያ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በኮፕቶች አቢብ 13 ቀን 1685 ዓመተ ሰማዕታት፣ በአይሁድ አብ 5 ቀን 5729። በሂጅራ 1389 ነው፤ በኢራን ፀሐያዊ ሂጅራ ግን ቲር 29 ቀን 1348። በሕንድ የሳካ ዘመን 1891፣ በታይላንድ የቡድሃ ዘመን 2512፣ በታይዋን የሪፐብሊኩ 58ኛ ዓመት፣ በጃፓን ሾዋ 44፣ በቢዛንታይን ዓመተ ዓለም 7477። በማያዎች ረጅም ቆጠራ ደግሞ 12.17.15.17.0 ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ዜሮ የሃያ ቀኑ ወር ያን ዕለት እንደ ገባ ትናገራለች።

እዚህ ላይ ቀኗም ራሷ እንደምትንሸራተት ልብ ይበሉ። መንኮራኩሩ ያረፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት 20፡17 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ኢየሩሳሌም ውስጥ ፀሐይ ጠልቃለች፤ የአይሁድ ቀን የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ለዚያ ሰው አብ 6 ገብቷል። አርምስትሮንግ እግሩን ጨረቃ ላይ ያሳረፈው ደግሞ 02፡56 ላይ ነው፤ ያን ጊዜ በዓለም አቀፉም ሰዓት ጁላይ 21 ሆኗል። ቀን ላይ መስማማት እንዲህ ካስቸገረ ዓመት ላይ አለመስማማት ምን ይደንቃል?

አሁን 1969 እና 1961 ለምን እንደተለያዩ። ብዙ ሰው ልዩነቱን ያመጣው የጎርጎርዮስ ማሻሻያ ይመስለዋል። አይደለም። በ1582 የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ያደረጉት ዐሥር ቀን መዝለል ነው፤ ኦክቶበር 4 ማታ የተኛ ሰው በማግሥቱ ሲነቃ ኦክቶበር 15 ሆኖ ጠበቀው። ያ ለውጥ ዛሬ 13 ቀን የደረሰውን የቀን ልዩነት አመጣ። መስከረም 1 በጥንቱ በዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 29 ላይ ይውላል፤ 13 ቀን ሲገፋ ሴፕቴምበር 11 ይሆናል። የዓመቱ ልዩነት ግን ከዚያ ማሻሻያ በሺህ ዓመት ይቀድማል።

በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እስክንድርያ ውስጥ አንያኖስ የሚባል መነኩሴ የዓለምን ዕድሜ ከፀሐይና ከጨረቃ ዑደት ጋር አስማምቶ አሰላ። በእርሱ ሒሳብ ጌታ የተፀነሰው ዓለም በተፈጠረ በ5501ኛው ዓመት፣ መጋቢት 29 ቀን ነው። ይህ በምዕራባውያኑ ቁጥር በ9ኛው ዓመት፣ ማርች 25 ላይ ያርፋል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር የተከተለው ይህን ሒሳብ ነው። በ525 ደግሞ ሮም ውስጥ ዲዮናስዮስ ኤክሲጉስ የተባለ ሌላ መነኩሴ የፋሲካ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። ሠንጠረዡ ዓመት የሚቆጥረው ክርስቲያኖችን ካሳደደው ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምሮ፣ ማለትም ከ284 ነበር። ነባሩ ሠንጠረዥ በዲዮቅልጥያኖስ 247 ያበቃ ነበር፤ እርሱ ቀጣዩን ዓመት 248 ማለቱን ትቶ፣ ከጌታ ሥጋዌ ጀምሮ ቆጥሮ 532 አለው። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ቁጥር የተወለደው በዚያች መስመር ላይ ነው። ግብጻውያን ክርስቲያኖች በበኩላቸው ያንኑ የ284 መነሻ ሳይለቁ ስሙን «ዓመተ ሰማዕታት» ብለው ለወጡት። አንዱ ቁጥሩን ጣለ፣ ሌላው ስሙን። ለዚህ ነው የኮፕቱ ዓመት ከእኛው ሁልጊዜ በ276 የሚያንሰው።

ከሁለቱ መነኮሳት ማን ልክ ነው ካሉኝ፣ ሁለቱም ሳይዘገዩ አልቀሩም። ማቴዎስ ጌታ በሄሮድስ ዘመን እንደ ተወለደ ጽፏል፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ ሄሮድስ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት ነው ይላሉ። ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ያስቃል፤ ግን ጥፋቱ የሄሮድስ ሳይሆን የዲዮናስዮስ ነው። እንግዲህ የስምንት ዓመቱ ልዩነት የሁለት ሰዎች ስሌት ልዩነት ነው እንጂ አንዱ ሕዝብ የኖረው ሌላው ያልኖረው ጊዜ የለም።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ችካሉን እስከ ፍጥረት ድረስ ወስደው ይተክሉታል። ዘዴው ቀላል ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨምሩ። 1961 እና 5500፣ 7461 ዓመተ ዓለም። ይህን ለአራት ሲያካፍሉት 1865 ደርሶ 1 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ነው። ጨረቃ ላይ የታረፈበት ዓመት ዘመነ ማቴዎስ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ለዚያው ዓመት አንድ ተጨማሪ ስም። ሰነድ ላይ ቁጥሩና ወንጌላዊው ካልተስማሙ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቁጥሩን ነው። ወንጌላዊውን ጸሐፊው ዓመቱን ሙሉ ሲሰማው የኖረ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከሌላ ቦታ ይገለብጠዋል።

በጥንታዊ ብራና ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። «ዓመተ ምሕረት» ተብሎ 70 ወይም 148 ዓይነት ትንሽ ቁጥር ካገኙ ጸሐፊው ዓመቱን የቆጠረው ዐቢይ ቀመር በሚባለው የ532 ዓመት ዙር ውስጥ ሊሆን ይችላል። የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት ነው፣ የፀሐዩ 28፤ ሲባዙ 532 ይሰጣሉ። ዙሩ ሲሞላ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይነሣል። በየትኛው ዙር ውስጥ እንዳለን የሚነግረን በገጹ ላይ የተጠራው ንጉሥ ወይም ጳጳስ ነው።

ወደ እርምጃው ርዝመት ልሻገር። ሂጅራንና የኢራንን ፀሐያዊ ሂጅራ ይመልከቱ። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ችካል ነው፤ ነቢዩ መሐመድ ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ከ622። ሆኖም በ1969 አንዱ 1389 ሲል ሌላው 1348 አለ። የጨረቃው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል፤ 32 የፀሐይ ዓመት ወደ 33 የጨረቃ ዓመት ይጠጋል። የ41 ዓመቱ ልዩነት የተጠራቀመው ከዚህች ከ11 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሂጅራን 622 ደምሮ መለወጥ አይሠራም። ቁጥሩን በ0.97 አባዝተው ከዚያ 622 ይጨምሩ፤ 1389 በ0.97 ሲባዛ 1347 ገደማ ነው፣ 622 ሲደመር 1969። አንዳንዴ በአንድ ዓመት ይስታል፤ ምክንያቱም አንዱ ዓመት በሌላው ውስጥ ተንሸራቶ ያልፋል። በ2008 ለምሳሌ ሙሐረም 1 ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ በጃንዋሪ 1429፣ በዲሴምበር መጨረሻ 1430።

አሁን እኔ ወደምወደው ክፍል እንምጣ፤ ቁጥር ወዳልነበረው ዓመት።

ለብዙ መቶ ዓመታት ዓመት ስም እንጂ ተከታታይ ቁጥር አልነበረውም። በጥንቷ ባቢሎን ዓመቱ በንጉሡ ሥራ ይጠራ ነበር፤ የሐሙራቢ ሁለተኛ ዓመት «በሀገሩ ፍትሕን ያጸናበት ዓመት» ነው። በሸክላ ጽላት ላይ ብድር የመዘገበ ሰው ስንት ዓመት እንዳለፈ ለማወቅ የዓመቶቹን ስም ቅደም ተከተል ማወቅ ነበረበት፤ ለዚህ የተጻፉ የስም ዝርዝሮችም ተገኝተዋል። አሦሮች በየዓመቱ «ሊሙ» የሚባል ባለሥልጣን ይሰይሙና ዓመቱን በእርሱ ስም ይጠሩታል። ሮማውያን በየዓመቱ በሚሾሙት በሁለቱ ቆንስሎቻቸው (ዋና ሹሞቻቸው) ይጠራሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 59 «የቄሳርና የቢቡሉስ ዓመት» ነበር። ቄሳር ባልደረባውን ወደ ጎን ገፍቶ ብቻውን ስላዘዘበት ቀልደኞች «የዩልዮስና የቄሳር ዓመት» እያሉ ይጽፉት ነበር።

ግሪኮች ደግሞ ከተማው ሁሉ የየራሱ አቆጣጠር ነበረው። የታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲደስ አቴናና ስፓርታ የተዋጉበት የፔሎፖኔዝ ጦርነት የፈነዳበትን ዓመት ለሁሉም ለማስረዳት ምን እንዳደረገ ይመልከቱ። ክሪሲስ በአርጎስ ካህን በሆነች በ48ኛው ዓመት፣ ኤኔስያስ በስፓርታ ኤፎር (የዓመቱ ሹም) ሳለ፣ ፒቶዶሮስ በአቴና አርኮን (እንዲሁ የዓመቱ ሹም) ሆኖ ዘመኑ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ የሠላሳ ዓመቱ ውል በተደረገ በ15ኛው ዓመት፣ ከፖቲዴያ ውጊያ በኋላ በ6ኛው ወር፣ በጸደይ መጀመሪያ። ይህ ሁሉ እኛ «ከክርስቶስ ልደት በፊት 431» ብለን ለምንገላገለው ዓመት ነው። በነገራችን ላይ ያቺ ክሪሲስ ጦርነቱ ስምንት ዓመት ተኩል ካስቆጠረ በኋላ መብራት ከአበባ ጉንጉን አጠገብ አስቀምጣ እንቅልፍ ጣላት። ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፤ እርሷም ቅጣት ፈርታ በዚያው ሌሊት ከከተማው ጠፋች። አርጎሶች ሌላ ካህን ሾሙ፤ በክሪሲስ የተጀመረው ቆጠራም በዚያው ተቋረጠ።

በነገሥታት የሚቆጠረው ዓመትም ችግሩ ያው ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት ቁጥሩ ከአንድ ይጀምራል። ይህን የሰበረው የሰሌውቆስ ዘመን ነው። የታላቁ እስክንድር የጦር አዛዥ የነበረው ሰሌውቆስ ባቢሎንን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ተቆጠረ፤ ልጁ አንጥዮኮስ ሲነግሥ እንደ ደንቡ ወደ አንድ ሊመለስ ሲገባ የአባቱን ቁጥር ቀጠለበት። ንጉሡ ሞተ፣ ቁጥሩ ኖረ። ነገሩ እንደዋዛ የተደረገ ይመስላል፤ ለእኔ ግን በዘመን አቆጣጠር ታሪክ ውስጥ ከጎርጎርዮስ ማሻሻያ የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። የየመን አይሁድ ውሎቻቸውን በዚህ ዘመን ሲጽፉ እስከ ቅርብ ጊዜ ቆይተዋል። ያም ሆኖ ሙሉ ስምምነት አልነበረም፤ መቄዶናውያን ዓመቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት 312 ከኦክቶበር ገደማ ሲያስጀምሩት ባቢሎናውያን ከ311 ኤፕሪል ነበር የሚያስጀምሩት።

ታዲያ «ቡር ሳጋሌ ሊሙ በነበረበት ዓመት» የሚል ስም እንዴት ወደ እኛ ቁጥር ይመጣል? በሰማይ ነው። የአሦሮች ዝርዝር በዚያ ዓመት፣ በሲማኑ ወር ፀሐይ እንደ ጨለመች መዝግቧል። ያ ግርዶሽ ወደ ኋላ ሲሰላ ከክርስቶስ ልደት በፊት 763፣ ጁን 15 ላይ ይወድቃል። አንድ ስም በግርዶሽ ከታሰረ ከፊቱና ከኋላው በዝርዝሩ ላይ የተሰለፉት ሁሉ አብረው ይታሰራሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዜሮ ሳልናገር አላልፍም። ዲዮናስዮስ ዜሮ ዓመት አልነበረውም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1 ያልፍና በቀጥታ 1 ይገባል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ግን ለመደመርና ለመቀነስ ስለማይመቻቸው ዜሮ ያስገባሉ፤ ያ የ763 ግርዶሽ በእነርሱ ጽሑፍ −762 ነው። የአራተኛው ጥያቄ ምሳሌ ደግሞ የቡድሃ ዘመን ነው። ስሪላንካ 2500ኛውን ዓመት በ1956 ስታከብር ታይላንድ 2500 የደረሰችው በ1957 ነበር። ሁለቱም የሚያነሡት የቡድሃን ኅልፈት ነው፤ አንዱ የተጀመረውን ዓመት ሲቆጥር ሌላው ያለቀውን ይቆጥራል።

ዓመቱ በየትኛው ቀን ይለወጣል የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል ብያለሁ። እንግሊዝ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ዓመቷን የምትለውጠው ማርች 25 ነበር። ስለዚህ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ የተሰየፈበት ጃንዋሪ 30 በጊዜው ጽሑፍ 1648 ሲሆን በዛሬ መጻሕፍት 1649 ነው። ልማዱ ሲቀየር 1751 ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 31 ብቻ ኖሮ አለቀ። በሩስያ ታላቁ ጴጥሮስ ዲሴምበር 31 ቀን 7208 ካለፈ በኋላ ማግሥቱን ጃንዋሪ 1 ቀን 1700 አሰኘው። ታይላንድ ዘመን መለወጫዋን ከኤፕሪል ወደ ጃንዋሪ ስታዛውር የቡድሃ ዘመን 2483 የዘጠኝ ወር ዓመት ሆነ። «በፌብሩዋሪ 2483 ተወለድኩ» የሚል የታይላንድ ወረቀት ካገኙ ደግመው ይዩት፤ እንዲያ ያለ ወር አልነበረም።

ስልክዎ ላይ ያስገረመዎት 6 የጃፓን ነው። እዚያ ዓመቱ እስከ ዛሬ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም ይጠራል፤ ሬይዋ የጀመረው ሜይ 1 ቀን 2019 ስለሆነ 2024 ሬይዋ 6 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጃንዋሪ 7 ቀን 1989 ሲያርፉ ሾዋ 64 ሰባት ቀን ብቻ ዕድሜ ኖሮት ቀረ፤ በማግሥቱ ሄይሴ 1 ገባ። ቁጥሩ ሥልጣንን እንደሚከተል የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ ኢራን ነው። በ1976 ሻሁ ችካሉን ነቅለው ወደ ጥንቱ ቂሮስ ዘመን ስለወሰዱት ሀገሪቱ ከ1355 ወደ 2535 ዘለለች። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ፣ ተቃውሞው ሲበረታ ወደ ሂጅራው ተመለሰ። በነዚያ ዓመታት የተጻፈ ወረቀት ዛሬም ያደናግራል።

ስልክዎ እነዚህን ሁሉ እንዴት እርስ በርስ ይለውጣቸዋል? ዓመትን በዓመት አይለውጥም። መሐል ላይ ቀን ብቻ ይቆጥራል፤ ወር የለ፣ ዓመት የለ። የሥነ ፈለክ ሰዎች የሚጠቀሙበት እንዲህ ያለ ቆጠራ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4713፣ ጃንዋሪ 1 ይነሣል፤ መሠረቱን በ1583 የጣለው ጆሴፍ ስካሊገር ነው። ጁላይ 20 ቀን 1969 በዚያ ቆጠራ 2,440,423ኛው ቀን ነው። አንዱ አቆጣጠር ወደዚህ ቁጥር ይገባል፣ ሌላው ከዚህ ቁጥር ይወጣል። ለዚያ ነው ስልኩ የማይሳሳተው፤ እርስዎ ግን በጣት ሲቆጥሩ የሚሳሳቱት።

በእጅዎ መለወጥ ካስፈለገዎት ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርዮሳዊው እንዲህ ያድርጉ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሰባት ይጨምሩ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት። የዓመቱ መለወጫ ታኅሣሥ ውስጥ፣ በ22 ወይም በ23 ላይ ስለሚወድቅ የታኅሣሥን ሰነድ ቀኑን ሳያዩ አይለውጡ። ወሩ ጨርሶ ያልተጻፈበት ሰነድ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር መርጠው አይጻፉ። በተቃራኒው የፈረንጅ ምንጭ «1969» ብቻ ካለ ከመስከረም በፊት 1961፣ ከመስከረም በኋላ 1962 ሊሆን ስለሚችል 1961/62 ብለው ይተዉት፤ ከጎኑም የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ።